መቆርቆርና ማቅናት፦ የሊፒትሳ የፈረስ እርባታ ታሪክ ከካቡ ሲነበብ



የዛሬውን ንግግር ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ያዩ ሁለት ባልደረቦቼ «ስሎቬኒያ ያለ የፈረስ እርባታ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?» ብለው ጠይቀውኛል። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ መልሱን ከራሳችን ልጀምር። እኛ መሪዎቻችንን በፈረሶቻቸው ስም የምንጠራ ሰዎች ነን። ዐፄ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስን አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላን አባ ነጋ እንላለን። ስሙ የፈረሱ ነው፤ ጌታው በፈረሱ ከበረ። ነገር ግን ያንን ፈረስ ከውርንጭላነቱ ጀምሮ ያሳደገው ማን ነው? ገብሱ ከማን ማሳ ተሰፈረ? ድርቆሹን ማን አጨደው፣ ጋጣውንስ ማን ከደነው? የቤተ መንግሥቱን የፈረስ ቤት የሚያስተዳድረው ሹም ባልደራስ ይባል እንደነበር እናውቃለን። ከባልደራሱ በታች ያለውን ሰው ግን ስሙን ለማግኘት እጅግ እንቸገራለን።

ለረጅም ጊዜ ይህን ክፍተት የጽሑፍ መዛግብት ማነስ የፈጠረው ነው ብዬ አስብ ነበር። መዝገብ የሞላበት አገር ቢሆን ኖሮ ጋጣውን የከደነው ሰው ይገኝ ነበር እል ነበር። ይህን እምነቴን ያፈረሰው ሊፒትሳ ነው። በሊፒትሳ የእያንዳንዱ ድንጉላና የእያንዳንዷ ባዝራ አባት፣ እናትና ቅድመ አያት በመዝገብ ሰፍሯል። የፈረስ የዘር ሐረግ በእንዲህ ያለ ጥንቃቄ የተያዘባቸው ቦታዎች በዓለም ላይ ጥቂት ናቸው። እንዲያም ሆኖ ቦታውን ለፈረስ መኖሪያነት ያበቁት ሰዎች በዚያ መዝገብ ውስጥ የሉም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ጉዳዩ የመዝገብ ማነስ ብቻ አይደለም። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልናገር።)

በቋንቋችን ሁለት ግሶች አሉ፤ መቆርቆርና ማቅናት። ንጉሥ ከተማ ይቆረቁራል፤ ቀኑም፣ የቆርቋሪውም ስም ይታወቃል። አገር የሚያቀናው ግን ጫካውን መንጥሮ፣ ድንጋዩን ለቅሞ፣ ጎጆ ቀልሶ የሚቀመጠው ሰው ነው። ማቅናት የሚለው ቃል በታሪካችን ለሌላም፣ ብዙ ክርክር ላስነሣም ጉዳይ አገልግሏል፤ እኔ ዛሬ የምጠቀምበት በገበሬው ፍቺ ነው። ሊፒትሳ በ1580 ተቆረቆረ ይባላል፤ እውነት ነው። ስንት ጊዜ ቀና ብለን ስንጠይቅ ግን ሌላ ታሪክ እናገኛለን።

በመጀመሪያ ቦታውን እንመልከት። ሊፒትሳ ከትሪየስቴ ወደብ በላይ ባለው ክራስ በሚባል አምባ ላይ፣ ዛሬ ስሎቬኒያን ከጣሊያን በሚለየው ድንበር አጠገብ ይገኛል። ሊፓ በስሎቬንኛ የሊንደን ዛፍ ነው፤ ሊፒትሳ ማለትም ትንሿ ሊንደን እንደማለት ነው። የሥነ ምድር ተማሪዎች «ካርስት» የሚለውን ሙያዊ ቃል ታውቁታላችሁ፤ የተወሰደው ከዚሁ አምባ ስም ነው። አገሩ የኖራ ድንጋይ አገር ነው። ዝናብ አይጠፋም፤ ውኃው ግን በድንጋዩ ስንጥቅ እየሰረገ ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ በላይ አይፈስስም። ከሊፒትሳ ብዙም ሳይርቅ ሬካ የተባለው ወንዝ በሽኮትስያን ዋሻ ገብቶ ይሰወራል። በባሌ የወይብ ወንዝ በሶፍ ዑመር ዋሻ ሲገባ ያየ ሰው ነገሩን ለመገመት አይቸገርም፤ ልዩነቱ ወይብ ከዋሻው ማዶ ብቅ ሲል ሬካ ለብዙ ኪሎ ሜትር ከምድር በታች ተጉዞ ባሕሩ ዳርቻ አጠገብ የሚወጣ መሆኑ ነው። በብርዱ ወራት ደግሞ ከሰሜን ምሥራቅ የሚወርድ ብርቱ ነፋስ አለ። ስሙ ቦራ ይባላል። በእኛ ዘንድ ቦራ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ፈረስ ስለሆነ፣ ስለ ቦታው መጀመሪያ ሳነብ «ቦራ ጋጣዎቹን ጎዳ» የሚል ነገር ገጥሞኝ ስለ አንድ ተናካሽ ድንጉላ የሚያወራ መስሎኝ ነበር።

ውኃ የሌለው፣ ድንጋያማና ነፋሻ ቦታ ለምን ተመረጠ? የሚሰጡት ምክንያቶች የታወቁ ናቸው። የዚያ አምባ ፈረሶች ከሮማውያን ዘመን ጀምሮ በጥንካሬያቸው ዝና ነበራቸው። ደረቁ መሬት የፈረስን ኮቴ ያጠነክራል። በዘመኑ በአውሮፓ ቤተ መንግሥታት ሁሉ የሚፈለገው የስፔን ፈረስ ስለነበረ፣ ሞቃቱ የአድሪያቲክ አካባቢ ለዚያ ፈረስ ይስማማዋል ተብሎ ታመነ። እኔ የፖለቲካውን ምክንያት አስቀድማለሁ። ቦታውን ያቋቋመው አርክዱክ ካርል 2ኛ መቀመጫውን ግራዝ ያደረገ የሐብስቡርግ መስፍን ነበር። በ1579 የኦቶማን ቱርኮችን ለመመከት በድንበሩ ላይ ካርሎቫትስ የተባለውን ምሽግ ከተማ አስቆረቆረ፤ ከተማው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። በዓመቱ፣ በ1580፣ ሊፒትሳን ከትሪየስቴ ጳጳስ እጅ አገኘ። የእኛ ሰው «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላል፤ ሳያደርስ ግን ጦርነት የለም፣ ግርማ ያለው የቤተ መንግሥት ሰልፍም የለም። ምሽጉና የፈረስ እርባታው የአንድ አሳብ ሁለት ክፍሎች ናቸው ባይ ነኝ።

ካርል የተረከበው ርስት ቀድሞ የጳጳሳቱ የበጋ ማረፊያ የነበረ ነው። ርክክቡ ሲፈጸም ግን ቤቱ ፈርሶ፣ ቦታው ጠፍ ሆኖ ነበር። የመጀመሪያው አስተዳዳሪ ፍራንትስ ዩርኮ ይባላል። በ1581 ከስፔን 24 ባዝራዎችና 6 ድንጉላዎች ተገዝተው መጡ። እዚህ ላይ ትንሽ ስሌት እንሥራ። ባዝራ ፅንሷን 11 ወር ያህል ትሸከማለች፤ ውርንጭላው ኮርቻ ለመልመድ ቢያንስ 4 ዓመት ይፈልጋል፤ የዚህ ዘር ፈረስ ደግሞ ዘግይቶ የሚበስል ነው። በ1582 የተወለደ ውርንጭላ ለሥልጠና የሚደርሰው በ1586 ነው ማለት ነው። መሥራቹ ካርል በ1590 ሲሞት በዚያ ቦታ ተወልዶ ለሥራ የበቃው ትውልድ ገና አንድ ነበር። ዛሬ ዓለም የሚያደንቀውን ነጭ ፈረስማ ጨርሶ አላየውም፤ ሲወለድ ጥቁር ወይም ዳማ ሆኖ፣ ከ6 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ ቀስ በቀስ የሚነጣው ፈረስ የበላይነት ያገኘው ከብዙ ዘመን ምርጫ በኋላ ነው። ቀድሞ በሊፒትሳ መስክ ላይ ብዙ ዓይነት ቀለም ነበረ።

በእነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት ለዓይን የሚታየው ነገር፣ እንግዲህ፣ ከፈረሱ ይልቅ ሥራው ነበር። ይህን ሥራ በዝርዝር እንድናየው እፈልጋለሁ፤ የንግግሬ እምብርት እዚህ ላይ ነውና።

በክራስ ላይ ግጦሽ ማለት ድንጋይ የተለቀመበት ሥፍራ ማለት ነው። የተለቀመው ድንጋይ ወዴት ይሄዳል? ተሸክሞ ወደ ሩቅ መውሰድ የማይሞከር ስለሆነ እዚያው ዳር ላይ ይካባል። ስለዚህ በዚያ አገር ማለቂያ የሌለው ካብ አለ፤ ጭቃም ኖራም ሳይገባበት ድንጋይ በድንጋይ ላይ በጥበብ የተደረደረ። ኮንሶን ያያችሁ ነገሩ እንግዳ አይሆንባችሁም፤ ኮንሶ ግን የሚከብው በተዳፋት ላይ አፈር ለመያዝ ሲሆን፣ የክራስ ገበሬ የሚከብው መሬቱን ከድንጋይ ለማላቀቅ፣ ከብቱን ለመከለልና ቦራን ለመመከት ነው። አንዱ ካብ ሦስት ሥራ ይሠራል። ለእርሻ የሚሆነው ቀይ አፈር የሚገኘው ደግሞ የኖራው ድንጋይ ተሟሙቶ በሰረጎደባቸው ጎድጓዳ ሥፍራዎች ነው፤ በየጎድጓዳው ትንሽ ማሳ አለች፣ በዙሪያዋ ካብ አለ።

ውኃው ከዚህ የባሰ ነው። ፈረስ ብዙ ይጠጣል፤ የምታጠባ ባዝራ ደግሞ ከዚያም አብልጣ ትጠጣለች። ወንዙ ከእግር በታች በዋሻ ውስጥ እየሄደ ከላይ ያለው ሰው ይጠማል። መፍትሔው የዝናቡን ውኃ ከጣሪያ ወደ ድንጋይ ጉድጓድ ማጠራቀምና ኩሬ መሥራት ነው። የክራስ ሰው ኩሬውን እንዴት እንደሚሠራ ሳነብ የአያቴ አውድማ ትዝ አለኝ። ጎድጓዳው ቦታ በሸክላ አፈር ይለሰናል፤ ከዚያ ከብት ይነዳበትና ወለሉ እስኪጠብቅ ድረስ ይረገጣል። ሳይረገጥ የቀረ ኩሬ ሳምንት ውኃ አይዝም። ደርቆ የተሰነጠቀም እንዲሁ ነው፤ እንደገና መለሰን፣ እንደገና መርገጥ ግድ ይላል። ኩሬ ዘላለማዊ ሐውልት አይደለም፤ ሰው ከአጠገቡ ሲጠፋ ኩሬውም ይጠፋል።

ዛፉም እንዲሁ። ዛሬ ሊፒትሳን የሚጎበኝ ሰው መጀመሪያ የሚያስተውለው በዙሪያው ካለው አምባ ተለይቶ መለምለሙን ነው፤ የባሉጥ ዛፎች ጥላ የሚጥሉበት ሰፊ መስክ፣ በሁለት ረድፍ ዛፍ የታጀበ መንገድ። ይህ ተፈጥሮ አይደለም፤ ተተክሎ ነው። ወደ ቪየና ለሚላክ ለእያንዳንዱ ፈረስ ሦስት ዛፍ ይተከል ነበር የሚል ትውፊት በአካባቢው ይነገራል። ትውፊቱን እንደ ማስረጃ ልቈጥረው አልፈልግም፤ ትኩረቴን የሳበው ግን የአካባቢው ሰው ሒሳቡን በዛፍ መያዙ ነው። ቤተ መንግሥቱ ፈረስ ሲቈጥር፣ የቀረው ሰው ዛፍ ቈጥሯል።

በ1703 ቬልባንትሳ የሚባለው ጋጣ ተሠራ፤ ጣሪያው በድንጋይ ቅስት የተሸፈነ፣ በቦታው ካሉት ጋጣዎች ሁሉ ጥንታዊው ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ19ኛው መጀመሪያ ላይ ደግሞ ዛሬ የዘሩ ምሰሶ ተብለው የሚጠሩት ድንጉላዎች ተራ በተራ መጡ። ፕሉቶ በ1765፣ ኮንቨርሳኖ በ1767፣ ፋቮሪ በ1779፣ ኔያፖሊታኖ በ1790 ተወለዱ፤ የዐረብ ፈረስ የነበረው ሲግላቪ በ1810 ተከተለ፤ የማኤስቶሶ ሐረግ ስድስተኛው ነው። በእነርሱ ላይ የተጻፈው ብዙ ስለሆነ አልቈይባቸውም።

የምቈየው በ1797 ላይ ነው። የናፖሊዮን ጦር ሲቃረብ 300 ያህል ፈረሶች ሊፒትሳን ለቀው ወደ ሃንጋሪ፣ ወደ ሴኬሽፌሄርቫር ተነዱ። በመንገድ ላይ 16 ባዝራዎች ወለዱ። ይህ ቍጥር በየመጽሐፉ ይጠቀሳል፤ አንባቢም በ16ቱ ውርንጭላዎች ይደነቃል። እኔ የማስበው ግን ውርንጭላው በእግሩ መሄድ እስኪችል ድረስ ማን ተሸከመው፣ የወለደችውን ባዝራ ማን ወደኋላ ቀርቶ ጠበቃት የሚለውን ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ተመለሱ። የጠበቃቸው የፈረሰ ጋጣ ነበር። ብርዱ ሊገባ፣ ቦራ ሊነሣ ነው፤ 300 ያህል ፈረስ ውጭ ቆሟል፤ ድርቆሽ የሚታጨድበት ወቅት አልፏል። ካርል በ1580 የተረከበው ፍርስራሽ ቢያንስ የሚጠብቀው መንጋ አልነበረውም። በእኔ ግምት ከ1580 ይልቅ ይህ ኅዳር የከበደ ነበር፤ የመሠረት በዓል ግን አይከበርለትም።

እንደገና ተሠራ። በ1805 እንደገና ተለቀቀ፤ ፈረሶቹ ክሮኤሺያ ውስጥ በጃኮቮ ተጠልለው ቈዩና ሚያዝያ 1 ቀን 1807 ተመለሱ። በ1809 በሾንብሩን ውል አካባቢው በፈረንሳይ እጅ ወደቀ፤ ሦስተኛው ስደት ሆነ። ተመልሰው በቋሚነት የተቀመጡት በ1815 ነው። በዚህ ሁሉ መንከራተት ብዙ ፈረሶች አለቁ፤ ከ1700 በፊት የነበረውን የዘር ሐረግ የያዙት መዛግብትም ጠፉ። ለታሪክ ጸሐፊ ይህ ትልቅ ጉዳት ነው፤ የፈረሶቹ ታሪክ የመጀመሪያ 120 ዓመት ያህሉ በጭላንጭል ብቻ ነው የሚታየው። ነገር ግን አስቡት፤ መዝገቡ ጠፋ፣ ካቡ አልጠፋም። ወራሪ ጦር ጋጣ ያቃጥላል፣ አጥር ያፈርሳል፣ የለቀሙትን ድንጋይ ወደ ማሳው መልሶ የሚበትን ግን የለም። ስለዚህ የተመለሰው ሰው በዜሮ አልጀመረም። የጀመረው የአያቶቹ እጅ ካቆመበት ነው።

የሃያኛውን ክፍለ ዘመን በፍጥነት ልለፈው፤ አንድ ቦታ ላይ ግን መቆም አለብን። በ1915 ጣሊያን ጦርነት ስትገባ ፈረሶቹ ወደ ላክሰንቡርግና ወደ ክላድሩቢ ተወሰዱ። ከጦርነቱ በኋላ የሐብስቡርግ መንግሥት ሲፈርስ ፈረሶቹም እንደ ርስት ተከፋፈሉ። ኦስትሪያ ድርሻዋን በ1920 በፒበር አሰባሰበች፤ ሊፒትሳ ራሱ ከነቀረው ፈረስ ለጣሊያን ሆነ። ስሙም በጣሊያንኛ ሊፒጻ ተብሎ ተጻፈ። ለፈረሶቹ ይህ የአጻጻፍ ጉዳይ ነው። ለአካባቢው ስሎቬናውያን ግን የፋሽስቱ መንግሥት ቋንቋቸውን ከትምህርት ቤት ያስወጣበት፣ የቤተሰብ ስማቸውን ሳይቀር ወደ ጣሊያንኛ ያስለወጠበት ዘመን ነው። ለካቡ፣ ለኩሬውና ለጋጣው ሁሉ ስም የነበራቸው በዚያ በተከለከለው ቋንቋ ነበር። በመግቢያዬ ላይ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው ለተባለው ሌላው መልስ እዚህ አለ። ጣሊያን በ1935 አገራችንን ስትወር ከዚያ አካባቢ የተመለመሉ ስሎቬናውያን ወጣቶች በማይወዱት መንግሥት የጦር ልብስ ወደ ኢትዮጵያ ተልከዋል። አባቶቻችን በጦር ሜዳ «ጣሊያን» ብለው የተኮሱበት ወታደር አንዳንዴ የክራስ ገበሬ ልጅ ነበር። ይህን የምለው ወረራውን ለማቅለል አይደለም፤ የአንድ አምባ ሰው ሊሸከመው የሚችለውን ሸክም ብዛት ለማሳየት ነው።

በ1943 ጣሊያን እጅ ስትሰጥ ጀርመኖች የሊፒትሳን ፈረሶች ወደ ቦሄሚያ፣ ወደ ሆስቶውን ወሰዱ። በ1945 በጄነራል ፓተን ሥር የነበረ የአሜሪካ ጦር ክፍል በኮሎኔል ቻርልስ ሪድ መሪነት ከዚያ አወጣቸው። ይህ በእርግጥ የሚያስደንቅ ታሪክ ነው፤ በ1963 ዋልት ዲዝኒ ፊልም ሠርቶበታል። ከፊልሙ ጋር ያለኝ ቅሬታ ካሜራው ፈረሶቹን ተከትሎ መሄዱ ነው። በሊፒትሳ የቀረው ባዶ ጋጣ ነበር። በ1947፣ ቦታው የዩጎዝላቪያ ሲሆን፣ ወደ ሊፒትሳ የተመለሱት ፈረሶች 11 ብቻ ነበሩ። ካርል እንኳን በ30 ነበር የጀመረው። ከእነዚያ 11 ተነሥቶ መንጋው እንደገና በዛ፤ በ1960ዎቹ ቦታው ለጎብኚ ተከፈተ፤ በኋላ ቁማር ቤትና የጎልፍ ሜዳም ተጨመረበት። (ድንጋዩ ለአራት መቶ ዓመት የተለቀመው ኳስ እንዲንከባለልበት ነው ወይ ብሎ መጠየቅ የእንግዳ ድፍረት ይሆንብኛል።) በ2022 ዩኔስኮ የሊፒትሳ ፈረስ እርባታን ትውፊት በስምንት አገሮች የጋራ ጥያቄ በማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ አስፍሯል። በዚህ ምዝገባ የወደድሁት ነገር ርእሱ ፈረሱ ሳይሆን እርባታው፣ ማለትም የሰዎቹ ዕውቀት መሆኑ ነው። ረጅም ጊዜ ቢወስድም ባልደራሱ ብቻ ሳይሆን ከእርሱ በታች ያለው ሰውም በመዝገብ ገባ፤ ስሙ ባይሆን ሙያው።

አሁን ለተማሪዎቻችን አንድ ሥራ ልስጥና ልጨርስ። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል ይከበራል። ፎቶግራፉ ሞልቷል፤ የጌጡ፣ የኮርቻው፣ የጉግሡ። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ፈልጋችሁ ወደ ቢሮዬ የምትመጡ ከሆነ ጥር 23ን ለጋዜጠኞች ተዉላቸው። በነሐሴ ዝናብ ሂዱ። ግጦሹ የማን እንደሆነ፣ የወል መስኩ በእያንዳንዱ ሥርዓት ለውጥ ምን እንደደረሰበት፣ ነፍሰ ጡር ባዝራ በማን ጓሮ እንደምትከርም፣ ጋጣው በዘመነ ጦርነት ሲፈርስ ማን መልሶ እንደሠራው ጠይቁ። ሽማግሌዎቹን ስለ ፈረሱ ስም ከጠየቃችሁ በኋላ የአጥሩን ስም ጠይቁ፤ በአገውኛ ንገሩን በሉ። መቅረጸ ድምፅ ያዙ፤ ከዚያ በፊት ግን ቦት ጫማ።

ለጥያቄዎቻችሁ ጊዜ እንዲተርፍ እዚህ ላይ አቆማለሁ።